ድንጋይ የሌለው ምስር

ሆስፒታል የተኛ ሰው ሁሉ ደጋግሞ የሚጠየቃቸው አራት ጥያቄዎች አሉ። ስምዎ ማን ነው? አሁን ያሉት የት ነው? ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? እዚህ ምን ሆነው መጡ? አራቱንም የመለሰ ሰው አእምሮው በቦታው ነው ይባላል። አንዱን ከሳተ ቻርቱ ላይ ይጻፋል፣ ለሐኪም ይነገራል። በተለይ አረጋዊ ከሆነ ነገሩ ችላ አይባልም፤ ድንገት የሚመጣ መደናገር ኢንፌክሽን፣ የመድኃኒት ጣጣ ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ነርሲንግ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር የተማርኩት ይሄንን ነው።

ቀን እማራለሁ፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት ደግሞ በአንድ ሆስፒታል ሲኤንኤ ሆኜ እሠራለሁ። ባለፈው ፌብሩዋሪ አንድ አባባ እኛ ክፍል ተኝተው ነበር። ስማቸውንም ሕመማቸውንም አልጽፍም፤ ሐበሻ ናቸው ማለት ይበቃል። የዕለቱ ነርስ ጥሩ ሰው ናት፣ ሥራዋን የምትወድ። አራቱን ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ ጠየቀቻቸው። አባባ እንግሊዝኛ ትንሽ ትንሽ ይሰማሉ። ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩ። ሆስፒታል እንደሆኑ ተናገሩ። ዓመቱን ስትጠይቃቸው ግን 2017 ነው አሉ። የነርሷ ፊት ተለወጠ። አሁንስ ስንት ሰዓት ነው ስትላቸው፣ ሦስት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ይላል። ከዚያ ጭራሽ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ «ነገ የሰማዕታት ቀን ነው» አሉኝ። ነርሷ ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ መጻፍ ጀመረች።

ዕለቱ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2025 ነበር። በእኛ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። አባባ አንድም አልሳቱም።

«አልተሳሳቱም እኮ» አልኳት። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሆነ፣ ሰዓቱም ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ከአንድ እንደሚጀምር ነገርኳት። ከዚያ አላለፍኩም። እኔ የሠለጠንኩ አስተርጓሚ አይደለሁም፤ አማርኛ ስለቻልኩ ብቻ በሕክምና ንግግር መሐል መግባት አይፈቀድልኝም። (ለእናቶቻችሁ ሐኪም ቤት እያስተረጎማችሁ ያደጋችሁ ሁሉ ይሄንን ያዙልኝ፤ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ጠይቁ።) ነርሷ በቪዲዮ አስተርጓሚ ጠራች፣ ጥያቄዎቹ እንደገና ተጠየቁ፣ አባባም ሁሉንም መለሱ። ትንሽ ተቆጥተውም ነበር።

በኋላ ውኃ ሳቀብላቸው ስለ ሰማዕታቱ ጠየቅኳቸው። እኔ የካቲት 12ን የማውቀው አዲስ አበባ ያለ ሆስፒታል ስም መሆኑን ብቻ ነበር። «ግራዚያኒ» አሉኝ። በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ በ1929 ጣልያኖች አዲስ አበባ ውስጥ ሕዝቡን እንዴት እንደፈጁ፣ ስድስት ኪሎ ያለው ሐውልትም የዚያ መታሰቢያ እንደሆነ ነገሩኝ። ሲጨርሱ አዩኝና፣ «አንቺስ ዓመቱ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። በሁለቱም አቆጣጠር ነገርኳቸው። «በይ፣ አንቺም ደህና ነሽ» ብለው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ያን ሌሊት ወደ ቤት ስመለስ ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን እኔ ራሴ ቀኑን የምስትበት ጊዜ መጣ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን ፍሪጅ ላይ ሁለት ካላንደር ተለጥፏል። አንዱ ከቤተ ክርስቲያን የመጣው ነው፤ ሌላው ከመኪና ኢንሹራንስ የተላከልን። በኢንሹራንሱ ካላንደር ላይ ዲሴምበር 12 በቀይ ተከብቧል። የከበበችው እናቴ ናት፤ የተከበበው ግን ለአክስቴ ነው።

አክስቴን ሁላችንም እታለም እንላታለን። የእናቴ ታላቅ ናት። ስሟን እስካልጻፍኩ ድረስ ስለ እሷ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ደሴ ተወልዳ፣ ደሴ ኖራ፣ ጦርነቱ ደሴ ከገባ በኋላ በ2022 እኛ ጋ መጣች። ቲፒኤስ የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በአገራቸው ጦርነት ወይም ሌላ አደጋ ላለባቸው ሰዎች አሜሪካ የምትሰጠው ጊዜያዊ ከለላ ነው። ለኢትዮጵያውያን መጀመሪያ የተሰጠው በዲሴምበር 2022 ለ18 ወር ነበር፤ በ2024 ታድሶ እስከ ዲሴምበር 12 ቀን 2025 ሆነ። እታለም በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች፤ የሥራ ፈቃዷም የተንጠለጠለው በዚሁ ወረቀት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ይታደሳል ወይስ አይታደስም? ይሄን በ2025 ስጽፍ ማንም አያውቅም።

እማ ቀኑን ስትከብ እታለም በጣቷ ቆጠረችና፣ «ታኅሣሥ 3 ነው፣ በዓታ» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

በማርች ደግሞ የእማ ሥራ ተነካ። እማ የምትሠራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለበት ሕንፃ ውስጥ፣ ካፌ ነው። ሠራተኞቹ ሲቀነሱ ሳንድዊች የሚገዛም ቀነሰ፤ በሳምንት አርባ የነበረው ሰዓቷ ሃያ አራት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ቲክቶክ ላይቭ የማይሰማበት ሰዓት አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንም። አንዱ «ሰበር ዜና» ይላል፣ ሌላው «ጠበቃ ነኝ» ይላል፣ ሦስተኛው ይጮኻል። እማ ወጥ እያማሰለች ትሰማለች፤ ልቧ ተሰቅሎ። ታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤት ፎርም ላይ አደጋ ሲደርስ የሚጠራ ሰው የሚለው ቦታ ላይ የማንን ስም ልጻፍ ብሎ ጠየቀኝ። ድሮ የእታለምን ነበር የሚጽፈው።

እታለም ግን በየማታው ምስር ትለቅማለች። ከሥራ ትመጣለች፣ እግሯን ትታጠባለች፣ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጆርጂያ አቬኑ ሱቅ የገዛችውን ክክ ምስር ትዘረግፋለች። ይሄ ምስር በማሽን ተበጥሮ፣ ታጥቦ፣ በላስቲክ የታሸገ ነው። ድንጋይ የለውም። ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ። «አውቃለሁ» ትላለች፤ ትለቅማለች።

የሥነ አእምሮ ነርሲንግ ኮርስ የወሰድኩት በዚያው ሴሚስተር ነው። መምህራችን ጭንቀት የያዘውን ሰው ወደ አሁኑ ሰዓት የሚመልስ መልመጃ አስተማረችን፤ ምናልባት ታውቁት ይሆናል። አምስት የምታየውን፣ አራት የምትዳስሰውን፣ ሦስት የምትሰማውን፣ ሁለት የምታሸትተውን፣ አንድ የምትቀምሰውን ነገር ጥቀስ ይላል። በእንግሊዝኛ ስሙ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። በአማርኛ ምን ልበለው ብዬ ለእታለም «መሬት መርገጥ» አልኳት። «እና አሁን ምን ላይ ነው የቆምኩት?» አለችኝ። ለማንኛውም አሠራኋት። የምታያቸውን አምስት ነገሮች ጠየቅኳት። ሰፌድ፣ ምስር፣ አንቺ፣ መብራት፣ ካላንደሩ አለች። ካላንደሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። መልመጃው እዚያው አበቃ።

አልቀልድበትም፤ በሥራ ላይ ለታካሚ ሲጠቅም አይቻለሁ። ግን የተማርኩትን ቤት ውስጥ እንደ ፓራሲታሞል ማደል እንደማይቻል ያን ማታ ገባኝ።

አሁን መጻፍ የከበደኝን ልጻፍ።

በኤፕሪል፣ ለሆሳዕና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ሌሊት ሥራ ላይ ነበርኩ። የአፍጋኒስታንና የካሜሩን ቲፒኤስ ሊቆም ነው የሚል ዜና የወጣ ቀን ነው። የቤተሰባችን ግሩፕ ላይ መልእክት በመልእክት ላይ ይመጣል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ስልክ ይዞ መዞር ክልክል ነው፤ ሁላችንም ግን እንይዛለን።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም፣ በፈረንጅ ሁለት መሆኑ ነው፣ አንዲት አሮጊት ታካሚ ሽንት ቤት ወሰድኩ። እግራቸው ደካማ ስለሆነ የመውደቅ አደጋ አለባቸው ተብሎ አልጋቸው አላርም ተደርጎለታል፤ ያለ ሰው ሊነሡ ሲሉ ይጮኻል። ታካሚውን ስታስነሡ አላርሙን ታጠፋላችሁ፣ መልሳችሁ ስታስተኙ ታበራላችሁ። ቀላል ነገር ነው። መልሼ አስተኛኋቸው፣ ብርድ ልብሱን ሳብኩላቸው፣ ስልኬ ተንቀጠቀጠ፣ ወጣሁ። ኮሪደር ላይ ቆሜ እማ የላከችውን አነበብኩ፤ «አየሽው?» ብቻ ይላል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ጋ ሄጄ የሰዓቱን ቻርት ሞላሁ። አልጋው ዝቅ ብሏል፣ መጥሪያው እጃቸው አጠገብ ነው፣ አላርሙ በርቷል። ሁሉንም ምልክት አደረግኩ።

አላርሙ አልበራም ነበር።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ አንድ የሴራሊዮን ሰው የሆነ ባልደረባዬ በዚያ በር ሲያልፍ አሮጊቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እግራቸውን መሬት አውርደው፣ የክንዳቸው ግሉኮስ ተወጥሮ አያቸው። ሮጦ ያዛቸው። አልወደቁም። እኔ ስደርስ፣ «አላርሙ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ አልጮኸም» አለኝ።

እዚህ ላይ ምን ያህል ሰከንድ ዝም እንዳልኩ አላውቅም። ዝም ብል የሚሆነውን ግን በደንብ አየሁት። ቻርቱ በርቷል ይላል። ባልደረባዬ ተበላሽቷል ይላል። አልጋው ለጥገና ይወሰዳል፣ አዲስ ይመጣል፣ አለቀ። የእማ ሰዓት ተቀንሷል፣ የእታለም ወረቀት ሊያልቅ ነው፣ ቤት ውስጥ ያልተነካው የእኔ ደመወዝ ብቻ ነው። ነርስ ለመሆን ደግሞ ስሜ ላይ ነጥብ እንዲኖር አልፈልግም። ይሄ ሁሉ በራሴ ውስጥ ሲያልፍ አሮጊቷ እጄን ይዘው፣ ልጃቸው መስያቸው ነው መሰለኝ፣ በስሟ ይጠሩኝ ነበር።

ለሌሊቱ ተረኛ ኃላፊ ነገርኳት። «ረስቼው ነው፤ ሳላየው ነው ምልክት ያደረግኩት» አልኳት። የምፈራው የመጀመሪያውን ግማሽ ነበር፤ እሷ የያዘችው ግን ሁለተኛውን ነው። መርሳት ሰው ላይ ይደርሳል አለች። ያላዩትን አየሁ ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ያንን አምኖ ነው በበሩ የሚያልፈው። ሪፖርት ተጻፈ፤ ቻርቱም ከእርማቱ ጋር ተስተካከለ። በሚቀጥለው ሳምንት ከማናጀሯ ጋር ተቀመጥኩ፣ በወረቀት ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ፈረምኩ። ሥራዬን አላጣሁም።

ጠዋት ቤት ስገባ እማና እታለም ማዕድ ቤት ነበሩ። ነገርኳቸው። እማ ደነገጠች። «ማን አይቶሽ ነው የነገርሻቸው?» አለችኝ። እማን አትፍረዱባት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው አገር አንገቷን ደፍታ፣ ስህተት እንዳይገኝባት እየተጠነቀቀች ነው ያሳደገችን። ዝም ማለት ለእሷ ልጆቿን ከአደጋ ማራቂያ ነው።

እታለም ሰፌዷን አስቀመጠች። እዚህ ልብስ ታጥባለች እንጂ ደሴ ሳለች የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበረች፤ ሃያ ስድስት ዓመት። ይሄንን አውቅ ነበር። ያን ጠዋት የነገረችኝን ግን አላውቅም ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ከተማው ሲገባ መዝገቡን በነጠላ ጠቅልላ ይዛ ወጣች። ሲረጋጋ ስትመለስ መጋዘኑ ተሰብሮ፣ የሚወሰደው ሁሉ ተወስዶ አገኘችው። ዳይሬክተሩ ሁሉም ጠፍቷል ብለሽ በአንድ መስመር ጻፊው አሏት። እምቢ አለች። ባዶ መጋዘን ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከመዝገቡ እያነበበች አንድ በአንድ ጻፈች። ዴስክ ይሄን ያህል፣ የለም። የላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ አራት፣ የለም። ጠመኔ፣ ሁለት ካርቶን አለ።

«ስንት ቀን ፈጀብሽ?» አልኳት።

«ዘጠኝ። አእምሮዬን ያገኘሁት እዚያ ነው።» ከዚያ ሰፌዱን መልሳ አነሣች። «ድንጋይ እንደሌለው አውቃለሁ። ግን አይቼ ነው የለም የምለው።»

እማ ምንም አላለችም። ግን በሚቀጥለው እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ አንድ ደብተር አመጣችና፣ «በሉ እንቁጠር» አለች። ቆጠርን። የሚታወቀው፦ ከለላው እስከ ዲሴምበር 12 ይሠራል፣ እስከዚያ እታለም በሕጋዊ መንገድ ትሠራለች፣ የቤት ኪራይ ይሄን ያህል ነው፣ የእማ ደመወዝ ይሄን ያህል ነው፣ የእኔ ይሄን ያህል። የማይታወቀው፦ ከዲሴምበር በኋላ ያለው ሁሉ። ይሄኛውን ገጽ እማ ባዶውን ተወችው፤ «ገምተን አንሞላውም» አለች። አራታችን የፈራነው ያው ነበር፤ ያን ቀን ግን ፍርሃቱ በየክፍላችን ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ የተደረገው ብዙ ጉራ የሚነዛበት አይደለም። እታለምን በነፃ ወደሚያማክር እውነተኛ ጠበቃ ወሰድኳት፤ ቅጽ ሞልቶ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ጋ አይደለም፣ እሱን ተጠንቀቁ። ጠበቃዋ ሌላ ምን መንገድ እንዳለ ታይ ዘንድ ወረቀቶቿን ኮፒ አድርገን በአንድ ፋይል አሰናዳን። ወንድሜ ፎርሙ ላይ የእታለምንም የእኔንም ስም ጻፈ። ቲክቶክ ከእራት በኋላ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ሆነ፤ እማ ሕጉን በሳምንት ሁለቴ ትጥሳለች፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጋ ሽንት ቤት ውስጥ። እታለም ደሴ ላለው ልጇ ትደውላለች። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት መልኩን ሳታይ ቆይታ ነበርና፣ አሁን በቪዲዮ ሲመጣ ስለ ወረቀቱ አታወራውም። ምን በላህ ትለዋለች።

እኔ ስልኬን ሎከር ውስጥ ትቼ መግባት ጀመርኩ። ይሄ ከጠበቅኩት በላይ ከብዶኛል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በየደቂቃው ኪሴን እዳስስ ነበር። የሌሊቱ ኃላፊ ያሳየችኝን አንድ ነገርም አደርጋለሁ። ከታካሚ ክፍል ከመውጣቴ በፊት በሩ ጋ ቆሜ፣ እጄን መቃኑ ላይ አድርጌ፣ ዞር ብዬ አያለሁ። አልጋው፣ መጥሪያው፣ አላርሙ፣ ወለሉ፣ ሰውየው። ዐምስት ሰከንድ አይፈጅም። ኮምፒውተሩ ጋ የምሄደው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንድ ሌሊት ሁለቴ ሦስቴ ተመልሼ አረጋግጣለሁ፤ ያ ደግሞ የተማርኩት ሳይሆን ፍርሃቱ ነው፤ ገና አልለቀቀኝም። ስለ ዲሴምበር ማሰብም አላቆምኩም። በሩ ጋ ስቆም ግን ያለሁት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

(ይሄን ጽሑፍ እማ አንብባ አማርኛዬን አርማልኛለች። «ማን አይቶሽ ነው» ያለችውን ላውጣው ብላት፣ ትንሽ አሰበችና፣ «ተዪው፣ ብያለሁ» አለች።)

ይሄን የምጽፈው ኦገስት 23 ነው፤ ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ። ፍልሰታ የተፈታው ትናንት ነበር፣ ግን ዓርብ ላይ ስለዋለ ዶሮው ለዛሬ ተላለፈ። ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። የ2018 ካላንደርም ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ታኅሣሥ 3ን ከፍቼ አየሁት። «በዓታ ለማርያም» ይላል፤ እታለም ምንም አልጨመረችበትም። በፈረንጁ ስቆጥረው 111 ቀን ቀርቶታል።

ዛሬ ማታ ሺፍት አለኝ፣ በአንድ ሰዓት እገባለሁ፣ በሐበሻም በአንድ ሰዓት ማለት ነው፤ እንግሊዝኛው ሰባት ይለዋል። እታለም ዶሮውን በዕቃ አድርጋልኛለች፣ ሁለት እንቁላል ከነእንጀራው። ክዳኑን በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ባለፈው ጊዜ የሥራ ቦታው ማይክሮዌቭ ሦስት ቀን ሸትቶ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ እጄን ማውጣት ነበረብኝ።